የላንድሮቨሯ የግራ ወንበር

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህና ከዚያ በኋላ እንደፈለግህ ፍረደኝ፣ እኔ ጂን ታየ፣ መንፈስ ተናገረ ሲባል ተነስተው ከሚሄዱት ሰዎች አንዱ ነኝ፣ ሥራዬም አይፈቅድልኝም፣ የውሃ ጉድጓድ ፓምፕና ጄኔሬተር የሚጠግን ሰው ድምፅ ሲሰማ ብሎን ፈልጎ ያጠብቃል እንጂ አይደነግጥም። አንድ ጊዜ ከቱሊ ጉሌድ ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሴት ታለቅሳለች ብለው ሰዎቹ ውሃ መቅዳት ትተው ሳለ ደረስኩ፣ የጄኔሬተሩን ቺንጋ፣ ያለቀ ቀበቶውን፣ ለወጥኩ፣ ሴትዮዋም ዝም አለች። እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ፣ አሁን የምነግርህን ነገር ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምነውም ነበር፣ ግን እመነኝ፣ ሆኗል፣ ያውም በሌሊት አይደለም፣ ፀሐይ ፊቴ ላይ እያበራች ነው።

ሌላው ማወቅ ያለብህ፣ አሮጌ መኪና ስወድ ልክ የለኝም። ድሬዳዋ የፔጆ ታክሲ ጭስ እየሸተተኝ ነው ያደግኩት፣ ዓይኔን ጨፍኜ የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ብቻ ስሙን እጠራልሃለሁ፣ ኤንትሬ የምትባለዋ የጣሊያን ጭነት መኪና አቀበት ስትወጣ የምታሰማውን ማቃሰት ሰምቼ ልቤ ያልሞቀበት ቀን የለም፣ ዘመናዊዎቹ ግን መልካቸውም ድምፃቸውም አንድ ነው፣ ፍሪጅ ነው የሚመስሉኝ። ለሥራ ከጅጅጋ ወጥቼ በየመንደሩ ስዞር ዓይኔ ፓምፑ ላይ ሳይሆን ሰው ግቢ ውስጥ ነው፣ በእሾህ አጥሩ ላይ አንገቴን አስግጌ ዶሮ የሰፈረባት ትሬንታ ኳትሮ ወይም ጎማዋ የወለቀ ቤድፎርድ ካየሁ የዚያን ቀን ሥራ አለቀ ማለት ነው። ባለቤቴ ሰላማዊት "አንተ እኮ ያገባኸው ዝገት ነው" ትለኝ ነበር፣ እውነቷን ነው።

ላንድሮቨሯን ያገኘኋት አውበሬ ነው፣ ከሚሌኒየሙ ትንሽ ቀደም ብሎ። ቁርቁራ ዛፍ ሥር ቆማለች፣ ፍየሎች ሥሯ ተኝተዋል፣ ሁለቱ መብራቶቿ ተጠጋግተው አፍንጫዋ ሥር የተቀመጡ፣ የድሮዋ፣ የዋናዋ ዘር፣ ከድንበር ማዶ፣ ሶማሌላንድን እንግሊዞች ሲገዙ የመጣች ስለሆነች መሪዋ በቀኝ ነው። ወዳጄ፣ እግሬ አልንቀሳቀስም አለኝ። ባለቤቷ አዴር ሙሴ ይባላሉ፣ እዚያ አገር ትልቅ ሰው ሁሉ አዴር ነው፣ አጎቴ እንደማለት፣ ረዥም፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው ናቸው። "አዴር፣ ይቺን መኪና ይሸጡልኛል?" ብዬ ሰላምታ እንኳ ሳልጨርስ ጠየቅኳቸው።

"መኪናዋ አትሸጥም" አሉኝ። "ሻይ ግን አለ።"

ከዚያ በኋላ አውበሬ ሥራ ባለኝ ቁጥር፣ አንዳንዴም ሥራ ፈጥሬ፣ እሳቸው ጋ ሻይ መጠጣት ሆነ። ኮፈኗን አስከፍቼ ሞተሯን አየሁ፣ ካርቡራተሯን አጸዳሁላት፣ አንድ ቀን ማኖቤላ አዙሬ ሳስነሳት ፍየሎቹ ግቢውን ጥለው ወጡ። አንድ ነገር አስተውያለሁ፣ ፀሐይ ስትበርድ አዴር ሙሴ ብድግ ብለው ይሄዱና መኪናዋ ውስጥ ይገባሉ፣ በሩን ይዘጋሉ፣ መሪውን ይይዙና ሞተሩን ሳያስነሱ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እኔ ደግሞ አልገረመኝም፣ የእኔ ብትሆን እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን "ሚስትህ ደህና ናት?" አሉኝ፣ እርጉዝ መሆኗንና ለመጀመሪያ ልጃችን እናቷ ቤት ድሬዳዋ ልወስዳት መሆኑን ነገርኳቸው። "በምን ትወስዳታለህ?" "በሚኒባስ ነዋ፣ ምን አለኝ።" መኪናዋን አየት አደረጉ፣ ከዚያ ተነስተው ቤት ገቡና ቁልፉን አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። በዋጋም አልተጨቃጨቅንም፣ ሐሳባቸውን እንዳይቀይሩ ብዬ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

አሁን መሪዋ በቀኝ የሆነ መኪና በቀኝ በሚነዳበት አገር እንዴት እንደሚነዳ ልንገርህ፣ ይሄ ካልገባህ ቀሪው አይገባህም። ከፊትህ ጭነት መኪና ሲኖር አንተ የተቀመጥከው ወደ መንገዱ ጠርዝ ነው፣ ከፊት የሚመጣውን አታይም፣ የሚያየው ከግራህ የተቀመጠው ሰው ነው። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ሰው ብቻውን አይነዳም፣ በነፃ የሚሳፈር ሰው በግራ ይጫናል፣ ዋጋው ዓይኑ ነው። ሾፌሩ "ልለፍ?" ይላል፣ እሱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አይቶ፣ መንገዱ ከተዘጋ "ጆግሶ!" ይላል፣ ቁም ማለት ነው፣ ነፃ ከሆነ "ሶዖ!" ይላል፣ ሂድ ማለት ነው። አማራ ሁን፣ ኦሮሞ ሁን፣ ሶማሌ ሁን፣ በዚያ መንገድ ላይ ሁለቱ ቃላት እነዚያው ናቸው። ለማያውቅ ሰው እብደት ነው፣ ለእኛ ግን ልማድ ነው፣ ሕይወትህን ለማታውቀው ሰው ምላስ ሰጥተህ ትነዳለህ።

አዴር ሙሴም ያለ ዓይን አልለቀቁኝም፣ መንገድ ላይ ወዳለች መንደር የምትሄድ ጨርቅ ነጋዴ፣ ኤዶ ፈርዶሳን፣ ኤዶ አክስቴ እንደማለት ነው፣ ጫኑልኝ። ሴትዮዋ ወፍራም፣ ድምፀ ትልቅ፣ ጨዋታ አዋቂ ናት፣ ጥቅሏን አቅፋ እየገባች "ወርያ፣ ኢንጂነር፣ ይቺ ነገር ትሄዳለች ወይስ እኛ ነን የምንገፋት?" አለችኝ። ወጣን። ያን ጊዜ መንገዱ ጥርጊያ ነው፣ አቧራው ጉድ ነው፣ አንድ ጭነት መኪና ከፊትህ ካለ ዱቄት ወፍጮ ቤት የገባህ ነው የሚመስልህ። "ኤዶ፣ ልለፍ?" ስል አንገቷን ታወጣና "ጆግሶ! ጆግሶ! እኔ ልጆች አሉኝ!" ትላለች፣ ደግሞ ትንሽ ቆይታ በሩን በመዳፏ መትታ "ሶዖ!" ትላለች፣ እኔም እሄዳለሁ፣ እየሳቅን፣ እየተሳደብን፣ እመነኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ነድቼ አላውቅም።

መንደሯ ስትደርስ ወረደች፣ የግራውን መስኮት ገፋ አድርጋ ዘጋችልኝና "ሌላ ሰው ጫን፣ ብቻህን አትሂድ" አለችኝ። መንገዱ ላይ ሰው የለም፣ ቆሜ ሰው ልጠብቅ ብል ደግሞ ይመሻል፣ ሰላማዊትን ሳይጨልም እገባለሁ ብያታለሁ፣ እኔም በዚያ ላይ መኪናዋን ላሳያት ጓጉቻለሁ። ብቻዬን ቀጠልኩ።

ብዙም ሳልሄድ ጤፍ ይሁን ስኳር የጫነ ከባድ መኪና ፊቴ ተገተረ። አቧራውን እያበላኝ ትንሽ ተከተልኩትና "ልለፍ?" አልኩ።

"ሶዖ።"

መሪውን አዞርኩ፣ አለፍኩት፣ ወደ መስመሬ ተመለስኩ፣ ማርሽ ቀየርኩ፣ ከዚያ ነው ኤዶ ፈርዶሳ መውረዷ ትዝ ያለኝ።

ሳቅኩ፣ እውነቴን ነው፣ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ግማሽ ቀን ስጠይቅና ስትመልስልኝ ውዬ ጆሮዬ ለምዶ ነው፣ እንደዚያ ነው ያልኩት፣ አንተስ ምን ትል ነበር? ግን ጠርዝ ይዤ አቆምኩና እንደ ልማዴ ብሎን ፍለጋ ጀመርኩ፣ የበሩን ማጠፊያ ነካካሁ፣ የወንበሩን ሞላ ተጫንኩት፣ ሶዖ የሚል ብሎን የለም። መስኮቱ ግን ተከፍቷል፣ ያ በመግፋት የሚከፈተው መስታወት፣ ኤዶ ፈርዶሳ የዘጋችው፣ አንድ አንገት የሚያስወጣ ያህል ወደ ኋላ ተንሸራቷል። መንገዱ ያንገራግጫል፣ ተንሸራቶ ይሆናል አልኩና ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት፣ መቀርቀሪያውንም ጫንኩበት።

ሁለተኛው አይሱዙ ነበር፣ ይሄኛውን ሆን ብዬ ነው የጠየቅኩት፣ ራሴን ልታዘበው ብዬ፣ "ልለፍ?" አልኩና ጆሮዬን ቀሰርኩ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ባሌስትራው ይንቋቋል፣ በመሀል መስታወቱ ሸርተት ሲል ሰማሁት። ከዚያ ትንፋሽ፣ አቧራ ጉሮሮው የገባ ሰው ትንፋሽ፣ ከዚያ፣ ቀስ ብሎ፣ "ሶዖ።" የወንድ ድምፅ ነው፣ ጮሌ ድምፅ አይደለም፣ ለመንገር የተቸገረም አይደለም፣ ሥራውን የሚሠራ ሰው ድምፅ ነው። ዞሬ ለማየት አንገቴ እምቢ አለኝ፣ እግሬ ግን ነዳጁን ተጫነ፣ አለፍኩ፣ መንገዱም ነፃ ነበር፣ እውነቱን ነበር የነገረኝ።

ወደ ግራ የዞርኩት ካለፍኩ በኋላ ነው። ማንም የለም። ግን እየው፣ መሪው ፊት ያለው ክሩስኮት ነጭ ሆኗል፣ ሱሪዬ ነጭ ሆኗል፣ ቅንድቤ ሳይቀር አቧራ ለብሷል፣ የግራው ወንበር ግን ጥቁሩ ቆዳ እንዳለ ነው፣ አሁን ሰው የተነሳበት ይመስል ንጹሕ ነው። ኤዶ ፈርዶሳ ከወረደች ስንት መንገድ ሄጃለሁ! በጣቴ ልነካው እጄን ሰደድኩና መለስኩት፣ ሙቅ ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ።

አሁን "ለምን አልቆምክም?" ትለኝ ይሆናል። የት ልቁም? ሜዳው ጭር ያለ ነው፣ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ዓይኔ ውስጥ ገብታለች፣ ቤቴ እርጉዝ ሚስት እየጠበቀችኝ ነው፣ መኪናዋን ትቼ በእግሬ ልሂድ? ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ውስጤ "እውነቱን ነገረኝ እኮ፣ ሁለቴ ጠየቅኩት ሁለቴም እውነቱን ነው የነገረኝ" የሚል ነገር ነበር፣ ለሦስተኛው መኪና ስደርስ በከፊል አምኜው ነበር፣ አሁን ሳስበው የሚያንዘፈዝፈኝ ይሄ ነው።

ሦስተኛው ተሳቢ ያለው ትልቅ መኪና ነበር። ይሄን አልጠየቅኩም፣ በአላህም በእግዚአብሔርም እምላለሁ፣ አፌን አልከፈትኩም። እሱ ነው የጀመረው። "ሶዖ" አለኝ። ከኋላው አልወጣሁም። "ሶዖ፣ ሶዖ" አለኝ፣ አሁን የተቻኮለ ድምፅ ነው፣ በሩ በመዳፍ ሲመታ ሰማሁ፣ ጧ ጧ፣ "ሶዖ!" ሲለኝ እጄ እኔን ሳይጠይቅ መሪውን አዞረ፣ ነዳጁን ረገጥኩ፣ አፍንጫዋ ከተሳቢው ጎን ወጣ ሲል ሞተሯ እክ እክ አለና ጉልበት ከዳት፣ ካርቡራተሩ ቆሻሻ ስቦ ይሁን እንጃ፣ ወደ ኋላ ቀረሁ። ያኔ ከአቧራው ውስጥ አውቶቡስ ወጣ፣ ጡሩምባውን እየነፋ፣ ሙሉ ሰው ጭኖ፣ የሾፌሩ አፍ ተከፍቶ አየሁት፣ ከግራ በሬ በአንድ ክንድ ርቀት እልም አለ።

ጠርዝ ላይ አቁሜ ከመኪናዋ ወረድኩ። ተመልሼ ለመግባት ብዙ ቆየሁ፣ ሌላ መኪና ቢያልፍ ኖሮ ላንድሮቨሯን ለፍየል ትቻት እሄድ ነበር፣ ግን የለም። ገባሁና ቀስ ብዬ ነድቼ ጎማ ለማየት የቆመውን ያንን ባለ ተሳቢ ደረስኩበት፣ ጅጅጋ እስክገባ ከኋላው ሆኜ አቧራውን ስበላ ሄድኩ፣ አንዴም አልወጣሁም። ድምፁ ግን አልተወኝም። እስከ ከተማው መብራት ድረስ፣ አሁን ሳይጮህ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣ "ሶዖ... ሶዖ..." ይላል።

ለሰላማዊት አልነገርኳትም፣ እርጉዝ ሴት እንዴት አድርጌ ላስደነግጥ? ካርቡራተሩን ፈታሁ፣ ንጹሕ ነበር፣ አንድ ቅንጣት ቆሻሻ አላገኘሁበትም። እንቅልፍ አጣሁ፣ ቢሮ ተቀምጬ እነሳለሁ፣ ተነስቼ እቀመጣለሁ፣ በመጨረሻ የሥራ መኪና ይዤ አውበሬ ሄድኩና አዴር ሙሴን "መኪናዋ ውስጥ ሰው ተናገረኝ" አልኳቸው፣ በግራ በኩል፣ ብቻዬን እየነዳሁ።

እመነኝ፣ ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። ሰውየው ሻዩን አስቀምጠው ሁለቱን እጄን ያዙኝ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ ፊታቸው በራ። "ተናገረ?" አሉኝ። "ዋላሂ ተናገረ?"

"ማን ነው አዴር?"

"ወንድሜ ነው፣ ያሲን ነው! የእኔ ዓይን እሱ ነበር፣ ሁልጊዜ በግራዬ እሱ ነው የሚቀመጠው። አንድ ቀን ልለፍ ስለው ጆግሶ አለኝ፣ እኔ ቸኩዬ ነበር፣ ሄድኩ። ጭነት መኪናው በእሱ በኩል ነው የመታን።" ጢማቸውን በመዳፋቸው አበሱ። "በየማታው እዚያ ገብቼ ልለፍ ወይ ብዬ ስጠይቀው የነበረው ለዚህ ነው። አንድም ቀን አልመለሰልኝም። ለአንተ ተናገረ! ምን አለህ? ምን አለህ በለኝ እስቲ?"

"ሶዖ ነው ያለኝ" አልኳቸው። "ሦስቴም ሶዖ። በሦስተኛው ጊዜ አውቶቡስ ሊጨፈልቀኝ ነበር።"

እጄን ለቀቁት። ያ የበራው ፊት እንዴት እንደጠፋ ልነግርህ አልችልም፣ እንዳልነገርኳቸው ብዬ ተመኘሁ።

"ያሲን ሶዖ አይልም" አሉኝ። "በሕይወቱ ብሎ አያውቅም። 'ሂድ ብዬህ ብትሞት ደምህ በእኔ ላይ ነው፣ እኔ የምልህ ቁም ብቻ ነው፣ ዝም ካልኩህ መንገዱ ነፃ ነው' ነበር የሚለኝ። እኔ እኮ እዚያ ገብቼ ስጠይቀው ዝም ሲለኝ፣ ይቅር ብሎኛል፣ መንገድህ ነፃ ነው ማለቱ ነው ብዬ ነበር የምጽናናው። በዚያ ነው የኖርኩት።" ከዚያ እኔ የማውቅ ይመስል ዓይን ዓይኔን እያዩ "ታዲያ አጠገቤ ማን ነበር የተቀመጠው?" አሉኝ።

ልሰናበት ስነሳ እስከ በር ሸኙኝና "መኪናዋን ልመልስ አትበል፣ ብትመልሳትም አልቀበልህም" አሉኝ። "ወንበሩን ባዶ አታድርገው። ሰው ካለበት ሌላ አይቀመጥበትም።" ከዚያ በኋላ ሳያቸው እርጅናው በአንዴ ነው የመጣባቸው፣ ፀሐይ ስትበርድ መግቢያ አጥተው ግቢው ውስጥ ይዞራሉ።

እኔም ወንበሩን ባዶ አላደረግኩትም፣ ገበያ ለመሄድ እንኳ ሰው ለምኜ እጭናለሁ፣ እውነትም ምንም አልሰማሁም። የሰላማዊት ቀን ሲቀርብ በሚኒባስ እንሂድ ብላት "መኪና እያለን እዚያ ታፍኜ ልወልድ ነው?" ብላ ጮኸችብኝ፣ ወንበሩ ላይ እሷ ካለች ማን ይቀመጣል ብዬ እኔም ራሴን አጽናናሁ። ወጣን። አየሩ ቀዝቃዛ፣ ሰማዩ የጠራ፣ ላንድሮቨሯ እንደ ሰዓት ነበር የምትሠራው። የካራማራን ዳገት ስንወጣ ሰላማዊት ራሷን መስታወቱ ላይ አስደግፋ አንቀላፍታለች፣ እጇ ሆዷ ላይ ነው፣ ከፊታችን የተጫነ መኪና እየተንፏቀቀ ይወጣል። እኔ እንደሆነ አላልፍም ብዬ ምያለሁ፣ ዝም ብዬ እከተላለሁ።

"ሶዖ" አለች።

የእሷ ድምፅ ነው፣ የማንም አይደለም፣ የሰላማዊት ነው፣ ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። ፍሬኑን ረግጬ ጠርዝ አስያዝኳት። ከኩርባው የሚመጣ መኪና እስካይ ጠበቅኩ፣ አልመጣም፣ ቆየሁ፣ አሁንም አልመጣም፣ አንድም መኪና አልመጣም፣ ብሞክር ኖሮ በደህና አልፍ ነበር ማለት ነው፣ ወይም አላልፍም ነበር፣ አላውቅም። ቀሰቀስኳትና "ምን አልሽኝ?" አልኳት። "ምን አልኩህ? ተኝቼ ነበር እኮ፣ ደረስን እንዴ?" አለች።

ሴት ልጅ ወለደችልኝ፣ ደህና፣ ጤነኛ። መኪናዋን አልሸጥኳትም፣ ያንን ወንበር ለማን ልሽጠው? ፈትቼ ብረቷን ልበትን ብዬ መፍቻ ይዤ ሥሯ የተኛሁበት ቀን አለ፣ እጄ እምቢ አለኝ፣ ለካ እየፈራሁም ትወደዳለች። ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። አሁን የምንነዳው ሌላ መኪና ነው፣ አዲስ ናት፣ ድምፅ የላትም፣ ግን ከወጃሌ ድንበር በኩል የገባች ናትና የእሷም መሪ በቀኝ ነው፣ ሰላማዊት በግራዬ ትቀመጣለች፣ አንድ ጭነት መኪና ከፊታችን በቆመ ቁጥር "ልለፍ?" እላለሁ፣ እሷም አንገቷን አውጥታ አይታ "ሂድ" ትለኛለች። እኔ ግን አልሄድም፣ መጀመሪያ ዞሬ አፏን አያለሁ፣ ሲንቀሳቀስ ካላየሁት ደግማ እንድትለው እጠብቃለሁ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፣ ይኸው እስከ ዛሬ በየመንገዱ ትቆጣኛለች፦

"እኔን ምን ታያለህ? ሂድ አልኩህ እኮ!"